ፎርሱን ከመጨመርህ በፊት የቱ ሽፋን እንዳልተቆረጠ እየው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጅማ ውስጥ የስቲከር ሥራ የጀመረ ወንድማችን ነው። ተራ ስቲከር ሲቆርጥ የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ (ከተሩ) እንከን የለውም። ላሚኔሽን፣ ማለትም ከላይ የሚለጠፈውን ግልጽ ፕላስቲክ፣ የለበሰውን ሲያስገባ ግን አንዱ ቦታ ሳይቆረጥ ይቀራል፣ ሌላው ቦታ የጀርባው ወረቀት ድረስ ይበሳል። ለቡና ማሸጊያ የሚሠራቸው 6 ሳንቲሜትር ክብ ሌብሎች ጫፍና ጫፋቸው አይገጥምም። ትርፉ ሲላጥ ላሚኔሽኑ ከስቲከሩ ይለያል። አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ የሚቆርጥበትን ቦታ እንዲያውቅ አብረው የሚታተሙትን ጥቁር ምልክቶች አላይም ብሎ ይቆማል። ፎርሱን፣ ማለትም ማሽኑ ምላጩን የሚጫንበትን ኃይል፣ ከ90 ግራም ጀምሮ እየጨመረ 200 አድርሶታል፤ 60 ዲግሪ ምላጭ ገዝቶም ሞክሯል፣ እሱ ጭራሽ ባሰ። ቀጥሎ የባጃጅ ሬፍሌክተር (ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስቲከር) ትእዛዝ አለበት። «ሞተሩ ደክሞ ይሆን? ልሽጠውና ሌላ ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ተራውን ስቲከር አጥርቶ የሚቆርጥ ማሽን ሞተሩ አልደከመም። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የምሠራው፤ የራሴን ሱቅ እይዛለሁ፣ የሰው ማሽንም እጠግናለሁ። «ማሽኑ አልቆርጥ አለ» ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቦታዎች በአብዛኞቹ አንድ ብሎን ሳልፈታ ነው የተመለስኩት። ወይ ምላጩ ላይ ነው ጉዳዩ፣ ወይ ስቲከሩ ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት የደረሰበት ነገር አለ።

የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። አንዱ ቦታ አይቆርጥም፣ ሌላው ቦታ ይበሳል ብለሃል። ፎርስ እኮ ለሁሉም ቦታ እኩል ነው። ማነሱ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቦታ ሳይቆረጥ ይቀር ነበር፤ መብዛቱ ቢሆን ሁሉም ቦታ ይበሳ ነበር። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ከታዩ በቁጥሩ ላይ ያፈሰስከው ጊዜ በከንቱ ነው የሄደው።

መጀመሪያ የተበላሸ አንድ ሌብል አንሣና መስኮት አጠገብ ሂድ። ጠርዙን በጥፍርህ እየገለጥክ የቱ ሽፋን እንዳልተቆረጠ እይ። እጅህ ላይ ያለው አንድ ስቲከር አይደለም፤ ከላይ ላሚኔሽን፣ ከሥሩ የእሱ ሙጫ፣ ከዚያ የታተመው ስቲከር፣ ከዚያ የስቲከሩ ሙጫ፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ነው። ላሚኔሽኑ ተቆርጦ ስቲከሩ ካልተቆረጠ ምላጩ ታች አልደረሰም። ላሚኔሽኑ ራሱ የተቦጨቀ፣ ጠርዙ ክር ክር የሚል ከሆነ ምላጩ ደንዟል ወይም መዞር አቁሟል። ሁለቱም ጥርት ብለው ተቆርጠው ላሚኔሽኑ ብቻውን ቀና ቀና ካለ ደግሞ ከተሩን ተወው፤ ጥፋቱ ላሚኔሽን ስታለብስ የተሠራ ነው፣ የትኛውም የፎርስ ቁጥር አያድነውም። አንተ እንደምትለው ከሆነ ሦስቱም ያሉብህ ይመስለኛል። እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ አንዱን ለማካካስ ሌላውን ስንነካካ ሦስት ችግር እናመርታለን።

ከምላጩ እንጀምር፣ ዋናው እሱ ነው። የመቁረጡን ጥልቀት የሚወስነው ፎርሱ ሳይሆን ምላጩ ከመያዣው ወደ ውጭ የወጣበት መጠን ነው። ልኩ ሲወጣ የመያዣው አፍ ስቲከሩ ላይ ያርፍና እንደ ማቆሚያ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ፎርስ ትንሽ ቢበዛም ምላጩ ወደ ታች መሄጃ የለውም። ከልክ በላይ ከወጣ ግን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ፎርሱ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱን ይበሳል፣ ማዕዘን ላይ ሲደርስም ስቲከሩን እየጎተተ ያነሣዋል። ያንተ ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ፦ ምላጩን አብዝተህ አውጥተሃል፣ ከዚያ በ200 ግራም እየጫንከው ነው።

ስንት ይውጣ? ስቲከሩ 80 ማይክሮን፣ ሙጫው 25 ያህል፣ ላሚኔሽኑ 70፣ የእሱም ሙጫ ሌላ 25 ነው ብንል ድምሩ 200 ማይክሮን፣ ማለትም 0.2 ሚሊሜትር ነው። ተራው ስቲከር ከነሙጫው 105 ብቻ ስለነበር ውፍረቱ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ላይ የወረቀቱን ውፍረት ግማሽ ያህል ጨምርበት፤ ከ0.3 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። የኤቲኤም ካርድህን ጎኑን አዙረህ እየው፤ ምላጩ መውጣት ያለበት የካርዱን ውፍረት ግማሽ እንኳን አይሞላም። ብዙ ሰው የሚያወጣው ግን ካርዱን የሚበልጥ ነው፤ በዓይን ካልታየ የሚቆርጥ አይመስለውም።

ቁጥሩን ብቻ ይዘህ አትሂድ፣ በእጅህ ለካው። መያዣውን ከማሽኑ አውጣ። ምላጩን እስኪጠፋ ወደ ውስጥ መልስ። ከዚያው ላሚኔት ከተደረገው ጥቅል ቁራጭ ውሰድና መስታወት ላይ አንጥፍ። መያዣውን እስክሪብቶ እንደምትይዝ አጋድመህ ሳይሆን ቀጥ አድርገህ ያዝና መጠነኛ ጉልበት ሰጥተህ 10 ሳንቲሜትር ያህል መስመር ሳብ። አልቆረጠም? ምላጩን በጣም ጥቂት አውጣና ድገም። ሁለቱንም ሽፋን ቆርጦ ስቲከሩን ስትልጠው ወረቀቱ ላይ ጥፍር እንደጫረው ያለ ቀጭን መስመር ብቻ ሲቀር አቁም። ወረቀቱን ገልብጠህ ጀርባውን በጣትህ ዳብስ፤ መስመሩ ከተሰማህ አልፈሃል፣ ትንሽ መልስ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አዲስ ጥቅል በከፈትኩ ቁጥር ሳላደርገው ሥራ አልጀምርም።

ከዚያ መያዣውን መልስ፣ ፎርሱን 100 ላይ አውርድ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሚሊሜትር አድርግ። ክብ በውስጡ ያለበት ትንሽ ካሬ ቆርጠህ ሞክርና 10 ግራም፣ 10 ግራም እያልክ ጨምር። ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 150 ባለው ውስጥ ትይዘዋለህ። ርካሽ ማሽኖች ስክሪን ላይ የሚታየው ግራም በሚዛን የተለካ እንዳይመስልህ፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ቁጥር ውሰደው፤ ያንተ 140 የጎረቤትህ 110 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አንተ ስንት ላይ ትቆርጣለህ?» ብለህ ሰው አትጠይቅ።

ክቡ ያልገጠመበት ምክንያት ሌላ ነው። ምላጩ መያዣው ውስጥ በነፃነት መዞር አለበት፤ ማሽኑ ወደ ሄደበት አቅጣጫ ራሱ እየዞረ ነው የሚቆርጠው። ላሚኔሽን ስትቆርጥ ሁለት ሽፋን ሙጫ ስለሆነ መያዣው ውስጥ የሚገባው ሙጫም እጥፍ ነው። አንድ ጊዜ ደንበኛዬ ይዞት የመጣውን መያዣ ስፈታው ከውስጡ በሙጫ የተጠቀለለ የላሚኔሽን ክር ወጣ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታክል። በእሷ የተነሣ ምላጩ በአንድ አቅጣጫ ይቆርጥና ሲመለስ ይቦጭቅ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ሦስት አዲስ ምላጭ ቀያይሯል። ምላጩን አውጣ፣ መያዣውን በአልኮል እጠብ፣ አድርቅ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ የሚያዝ ያህል ብቻ አድርግበት። ዘይቱ ከበዛ ራሱ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ስቲከሩንም ያበላሻል።

መያዣው ንጹሕ ሆኖ ካልገጠመ ኦፍሴቱን እይ። ኦፍሴት የምላጩ ጫፍ ከመዞሪያው መሃል የራቀበት ልክ ነው፤ ለተለመደው 45 ዲግሪ ምላጭ ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ነው። የካሬው ማዕዘን ከደፈነና ከተጠጋጋ ቁጥሩ አንሷል፤ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ቀንድ ከወጣ በዝቷል። በ60 ዲግሪው የባሰብህም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ምላጩን ቀየርክ እንጂ ኦፍሴቱን አልቀየርክም፤ አንዳንዶቹ 60 ዲግሪዎች 0.5 ይፈልጋሉ፣ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። እንደ እኔ ለ200 ማይክሮን ጥሩ 45 ዲግሪ ይበቃል። 60ውን ለወፍራም ነገር አስቀምጠው። ለላሚኔሽን ሁሉ 60 ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ተሳስተዋል አልልም፣ ግን መጀመሪያ ያለህን በልኩ አስተካክል። በመጨረሻ ኦቨርከት የሚል ቦታ ካለህ 0.5 ሚሊሜትር ስጠው፤ ክቡ ከጀመረበት ትንሽ አልፎ ይዘጋል።

ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ የማይቆርጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁሌ ከግራ 20 ሳንቲሜትር ላይ፣ ከምላጩ ሥር ያለውን ንጣፍ ዳብስ። ስትሪፕ የምንለው ያ ረጅም ፕላስቲክ ነው። ወረቀት በተበሳ ቁጥር ምላጩ እሱን ይፍቀዋል፣ ውሎ አድሮ ቦይ ይሠራል። ምላጩ ቦዩ ላይ ሲደርስ ስቲከሩ ወደ ታች ይሸሸዋል። ጥፍርህ ከያዘው ቀይረው። በ200 ግራም ስትበሳ ስለከረምክ ያንተ ሰላም ነው ብዬ አላምንም።

እስካሁን ያልኩት በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነው። ላሚኔሽኑ ከስቲከሩ የሚለይበት ጉዳይ ግን ልማድ መቀየር ይጠይቃል።

ያተምክበት ቀለም ኢኮ ሶልቬንት ወይም ሶልቬንት፣ ማለትም በሚተን ኬሚካል ፈሳሽ የተበጠበጠ፣ ከሆነ ላዩ በደቂቃ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ፈሳሹ ገና አልወጣም። ያንን ሳይወጣ ላሚኔሽን አልብሰህ ስትዘጋው ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ስቲከሩንና ሙጫውን ያለሰልሳል። ለስላሳ ስቲከር ደግሞ በምላጭ አይቆረጥም፣ ይጎተታል፤ ሙጫው ምላጩ ላይ ይለጠፋል፣ ጠርዙ ከቀናት በኋላ ይሸበሸባል። የጅማ ልጅ ስለሆንክ በቡና ልንገርህ፦ ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ቡና ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቀለሙ ደማቅና ብዙ ከሆነ 48 ሰዓት ጠብቅ። አጥብቀህ ጠቅልለህ አታቁመው፤ ላላ አድርገህ ወይም ሰቅለህ ንፋስ እንዲያገኝ አድርግ። አፍንጫህን አስጠጋ፤ ሽታው ገና ጠንከር ካለ አልደረሰም። የባጃጁ ባለቤት ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ላይ ቆሞ «አሁን ጨርስልኝ» እንደሚልህ አውቃለሁ። እኔም አንድ ክረምት በዚያ ጥድፊያ ጠዋት ያተምኩትን ከሰዓት አልብሼ፣ ማታ ቆርጬ አስረክቤ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን በነፃ መልሼ ሠርቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ አለባበሱ። ላሚኔሽኑን እየሳብክ ካለበስከው ይለጠጣል፣ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ልኩ ሊመለስ ሲሸሽ ጠርዙን ይዞት ይነሣል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የለበሰውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ወርውረው። ወደ ላሚኔሽኑ በኩል ከተጠቀለለ ስበኸዋል። ጥቅሉ በራሱ ክብደት ይፈታ፣ አንተ ከፊት አትጎትት፣ የሮለሩን ግፊት በግራና በቀኝ እኩል አድርግ። ካለበስክ በኋላም ወዲያው አትቁረጥ፤ ሙጫው እንዲይዝ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ስጠው።

የላሚኔሽኑን ዓይነትም እይ። ቀጭን ሰቅ ቆርጠህ በሁለት እጅህ ሳበው፤ ከተለጠጠ ፒቪሲ ነው፣ ከስቲከሩ ጋር ይስማማል። የማይለጠጥና የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። እሱ ደረቅ ስለሆነ ምላጭ ይጨርሳል፣ ስቲከሩ ሲሸበሸብ እሱ አብሮት ስለማይሸበሸብም ጠርዝ ላይ ይለያያሉ። ለተቆራረጠ ሌብል አልመርጠውም፣ ዋጋው ቢያባብልም።

የእኛ አገር እርጥበት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጅማ ዝናቡ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ የሚጠብቅ ከተማ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት እያለ ነው የሚከርመው። የስቲከሩ ጀርባ ወረቀት ነው፤ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ፕላስቲኩ ግን አያብጥም። ስለዚህ የጥቅሉ ዳር ዳር እንደ ቆርቆሮ ይሞገዳል፣ ማሽኑ ላይ ሲያልፍ ማዕበሉ ከፍ ያለበት ቦታ ይበሳል፣ ዝቅ ያለበት ይቀራል። በየቦታው ያለ ሥርዓት የሚቀርብህ ከሆነ እሱ ነው። ጥቅሎችህን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታቁም፣ ሥራ ስትጨርስ በመጣበት ላስቲክ መልሰህ ሸፍን። ማሽኑ ላይ ስትጭን ደግሞ ጎማ ሮለሮቹ ሁለቱን ዳር እኩል መያዛቸውን እይ። የምትቆርጠውን ያህል ርዝመት አስቀድመህ ፍታና ላላ ብሎ ይንጠልጠል፤ ላሚኔት የተደረገ ጥቅል ከባድ ስለሆነ ማሽኑ ራሱ ሲጎትተው ይንሸራተታል።

ምልክቶቹን አላይም ማለቱ ቀላሉ ነው። የማሽኑ ዓይን (ሴንሰሩ) ብርሃን ልኮ ከነጭና ከጥቁር የሚመለሰውን ልዩነት ነው የሚያነብበው፤ አንጸባራቂ ላሚኔሽን ደግሞ ጥቁሩንም እንደ መስታወት ያበራዋል። ምልክቶቹ ላይ የማያንጸባርቅ ደብዛዛ ግልጽ ፕላስተር ለጥፍባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይፈታል። ካልሆነ ሴንሰሩን በዚያው በለበሰው ስቲከር ላይ እንደገና አስተካክል፤ ብዙ ሰው ባዶ ስቲከር ላይ አስተካክሎ ነው የሚረሳው። ሱቅህ በሩ ወደ መንገድ ተከፍቶ የከሰዓት ፀሐይ ማሽኑ ላይ የሚያርፍ ከሆነም መጋረጃ አድርግ። ምልክቱን አንብቦ መስመሩ ከሥዕሉ ሁሉም ቦታ እኩል ከሸሸ የሴንሰሩ ልክ ነው። ወደ መጨረሻው እየባሰ ከሄደ ግን ስታለብስ ተለጥጧል ወይም እየተንሸራተተ ነው፤ ሥራውን አጠር አጠር አድርገህ በየክፍሉ ምልክት አድርግለት። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ወረቀቱን ለመጣል አትቸኩል፤ ምልክቶቹ ካሉ መልሰህ አስነብበህ የቀረውን መቁረጥ ትችላለህ።

ዲዛይንህ ላይም ሁለት ነገር አርም። ሹል ማዕዘን ያላቸውን ሌብሎች 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አጠጋግተህ ሥራቸው፤ መነሣት የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ቀለሙን ደግሞ ከመቁረጫው መስመር 2 ሚሊሜትር አሳልፈህ አትም፣ ትንሽ ቢሸሽ ነጭ እንዳይታይ። ትርፉን ስትልጥ ወደ ላይ አትንጨው፤ ወደ ኋላ አጥፈህ የስቲከሩን ገጽ ተከትለህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ በዚያው ቀን ላጠው፣ ካደረ ሙጫው ተመልሶ ይያያዛል። ብዙ ክብ ካለ በረድፉ መሃል የሚከፋፍል መስመር ጨምርና ትርፉን በቁራጭ በቁራጭ አንሣ።

ነገ ስትከፍት ያንን የእጅ ሙከራ አድርግ፣ ስትሪፑን ዳብስ፣ መያዣውን እጠብ። ክቡ እምቢ ካለ የሙከራውን ካሬና የወረቀቱን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከነሱ ብዙ ነገር ይነበባል።

የሬፍሌክተሩን ትእዛዝ በተመለከተ፣ 60 ዲግሪውን ለእሱ ተጠቀምበት፣ ኦፍሴቱን አስተካክለህ። ለሌብል በምትጠቀምበት 45 ዲግሪ ምላጭ ግን እንዳትነካው። ብዙ የገበያ ሬፍሌክተር ውስጡ ደቃቅ የብርጭቆ ፍሬ አለው፤ ስትቆርጠው ምላጩን አሸዋ ላይ እንደሳልከው ያደርገዋል። ለሬፍሌክተር የተለየ ምላጭ ያዝ፣ መያዣው ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፍበት፣ ልጆቹ ሱቅ ሲውሉ እንዳይቀላቅሉብህ።